ወፍጮው የቆመባቸው ቀናት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከምሳ በኋላ ሸለብ ሲያደርገኝ አንድ ሕልም ይመላለስብኛል። ሙቅና ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆሜያለሁ፤ ዙሪያዬን እንቁላል ተደርድሯል፤ ከፊቴ ሦስት ቀይ ቁጥሮች ይበራሉ፤ ሠላሳ ሰባት ነጥብ ስድስት ይላሉ። እስኪቀየሩ እጠብቃለሁ፣ አይቀየሩም። ከአጥሩ ማዶ የሆነ ነገር ያጉረመርምና ጸጥ ይላል። ስነቃ ፀሐይዋ መጋረጃው ላይ አርፋለች፣ በሲኤምሲ ሰማይ አውሮፕላን ወደ ቦሌ እየወረደ ነው፣ እኔም ለትንሽ ጊዜ የሠላሳ ዓመት ሴት ልሁን የስድሳ መለየት ያቅተኛል።

ልጄ «እማዬ፣ የሥራ ዘመንሽን ጻፊው እንጂ» እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ምኑን ልጻፈው? የኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሻን ነበርኩ። ከነቀምት መጥቼ ተግባረ እድ ተማርኩ፤ መጀመሪያ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሬዲዮ ጥገና ክፍል፣ ቀጥሎ ወሎ ሰፈር በአንድ የግል ወርክሾፕ፣ በኋላም በሆስፒታል ዕቃዎች ጥገና ሠራሁ። ደመወዙ አንዳንዴ ይበቃ ነበር፣ አንዳንዴ አይበቃም ነበር፤ ስለ እሱ ይኸው ነው። ሁሉንም ልጽፍ ብነሳ ግን ብዕሩ በራሱ ጊዜ ወደ ወሎ ሰፈር ይታጠፍብኛል፤ ወደ ወይዘሮ አስካለ እንቁላሎች።

ወርክሾፑ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሁለት ጋራዦች መሀል የተወሸቀ ነበር። ባለቤቱ አቶ ደመላሽ ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን በዚህ ዓለም ከሁሉ አስበልጠው የሚወዱት ፎርም ነው። አንድ ፊውዝ ለመቀየር በሦስት ኮፒ ይሞላል። ከታች «ተፈትሾ ይሠራል» የሚል መስመር አለ፤ እዚያ ላይ ፈርመን ማኅተም ካላረፈበት ዕቃው ከበር አይወጣም። ጊዜው ሰማንያዎቹ ሊያልቁ አካባቢ ነው። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከመጠገን ወደ አዲሱ ነገር፣ ወደ ማይክሮኮንትሮለር የተሻገርንበት ጊዜ። ጣት የሚያክል ጥቁር ቺፕ ነው፤ የጻፍንለትን ትእዛዝ ይዞ ብቻውን ያስባል፤ ሙቀት ይለካል፣ ማሞቂያ ያበራል፣ ያጠፋል።

የዚያን ጊዜዎቹ ቺፖች ጀርባቸው ላይ ትንሽ የመስታወት መስኮት ነበራቸው። የጻፍነውን ለማጥፋት በመስኮቱ ልዩ መብራት ማስገባት ያስፈልጋል። እኛ ጋ መብራቱ አልነበረም፤ ስለዚህ ጣሪያው ላይ እንደ በርበሬ እናሰጣቸዋለን። ሰማዩ ጥርት ካለ በሳምንት ይጠፋሉ፤ ደመና ከሆነ ከዚያ በላይ ይቆያሉ። ምሳ ሰዓት ላይ መሰላሉን ወጥቼ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር። ከታች ጋራዡ ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል፣ ከላይ አውሮፕላን ያልፋል፣ በመሀል ትንንሾቹ መስኮቶች ያብለጨልጫሉ። ፀሐይ ሐሳባቸውን ቀስ እያለች ስትወስድባቸው የማያት ይመስለኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ሰላም የተሰማኝ ቦታ ጥቂት ነው።

ጋሽ ተካልኝ ጣሪያ ላይ አይወጡም ነበር፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ዕድሜያቸውን በሬዲዮ ኦፕሬተርነት ፈጅተው፣ ጡረታ ወጥተው፣ ቤት መቀመጥ ሲያቅታቸው በሳምንት ሦስት ቀን እኛ ጋ የሚመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የተበላሸ ዕቃ ሲቀርብላቸው ሁለት እጃቸውን ጀርባቸው ላይ ያጣምሩና ዝም ብለው ያዩታል። እጄን ቶሎ ከሰደድኩ «ወደ ኋላ!» ይሉኛል፤ «ዓይንሽ ሳይጠግብ እጅሽን ምን ያጣድፈዋል?» መነጽራቸውን በከረባታቸው ይወለውላሉ። ከዚያ ለባለቤቱ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ያቀርባሉ፤ «ጎረቤትዎ ማነው?»

ሰው ይደነግጣል። አንዷ ደንበኛ ቴሌቪዥኗን ልታሠራ መጥታ፣ ስለ ጎረቤቷ ውሻ ግማሽ ሰዓት ስሞታ ስታሰማ ትዝ ይለኛል። እኔ የሽማግሌ ወሬ ፍለጋ ነው ብዬ እስቅ ነበር። እጅን ወደ ኋላ ማጣመሩን ተማርኩ፤ ጥያቄውን ግን ናቅሁት።

አንድ ሌላ ነገር ነበራቸው፤ የቆዳ ልብስ ያለው፣ የኪስ መጠን ያለው ትራንዚስተር ሬዲዮ። ጣቢያ በሌለበት ቦታ ላይ አድርገው ወደ ሽቦ ያስጠጉታል። ሽቦው ጤነኛ ከሆነ ሬዲዮው እንደ ሩቅ ዝናብ ሹ ይላል፤ በመስመሩ የኤሌክትሪክ ረብሻ የሚያልፍ ከሆነ ይንጣጣል። የኤሌክትሪክን ሞገድ በመስታወት ላይ የሚያሳየው ኦሲሎስኮፓችን አንድ ነበር፣ እሱንም አቶ ደመላሽ ቆልፈውበታል። የጋሽ ተካልኝ ሬዲዮ ግን ሁልጊዜ ኪሳቸው ውስጥ ነው።

ወይዘሮ አስካለ የመጡት በዚህ መሀል ነው። ከአንድ የመንግሥት ዶሮ እርባታ በሠራተኛ ቅነሳ የወጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ቀጭንና ትሑት ሴት። ከጉርድ ሾላ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለው ግቢያቸው ጫጩት ማስፈልፈያ ሊከፍቱ ነው። ሣጥኑን አናጢ ሠርቶላቸዋል፤ ሙቀቱን የሚጠብቅ ነገር ፈለጉ። ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ። የመጀመሪያዬ፣ ከሐሳቡ እስከ ብየዳው ሁሉም የእኔ። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዴ እንኳ ሳይሳሳት ሠራ። ፎርሙ ላይ ስሜን ከነአባቴ አስፍቼ ፈረምኩ።

እንቁላሉ በገባ በአራተኛው ቀን ስልክ ደወሉ። «ልጄ፣ ቁጥሩ ባለበት ይቆምብኛል። አጥፍቼ ሳበራው ግን ይመለሳል» አሉኝ። በቢሮው ፒክአፕ ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ሰላም ነው። ተመለስኩ፤ በማግስቱ ደወሉ። ሄድኩ፤ ሰላም ነው። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ አንድ ትልቅ ካፓሲተር ይዤ ሄጄ በኃይል ማስገቢያው ላይ ጨመርኩለት፤ ካፓሲተር ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ መስመሩ ሲደክም የሚያካፍል ዕቃ ነው። ያን ቀንም ከጠዋት እስከ ማታ አንዴም አልተሳሳተም።

«አንቺን ያፍርሻል መሰለኝ» አሉ እየሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። ሴት ቴክኒሻን መሆን በዚያን ጊዜ ቀላል አልነበረም፤ በየሄድኩበት ሰው ከኋላዬ «ኢንጂነሩ የታለ?» ብሎ ይፈልጋል። ሥራዬ ተነካ መሰለኝ፣ ደሜ ፈላ።

«ምናልባት ቁልፎቹን ይነካኩ ይሆናል፤ እየነኩ ነው የሚያበላሹት። ከእንግዲህ እንዳይነኩት» አልኳቸው። በትልቁ «አይነካም» ብዬ ጽፌ ሣጥኑ ላይ ለጠፍኩ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው «እሺ ልጄ» አሉ። ይህን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ረፋድ ላይ ቁጥሩ ቆመ። ወይዘሮ አስካለ ቆመው አዩት። እስከዚያ ቀን ድረስ በገዛ እጃቸው አጥፍተው እያበሩ እንቁላሉን ሲያድኑ የኖሩት እሳቸው ነበሩ። አሁን ግን ወረቀቱ አለ። ነጠላቸውን አጣፍተው ስልክ ወዳለው ሱቅ ሮጡ። እኔ ቦሌ አንድ ደንበኛ ጋ ነበርኩ። አቶ ደመላሽ መልእክቱን ተቀብለው በፎርም ሞሉት፤ ሰዓቱን ሳይቀር። ጠረጴዛዬ ላይ ያገኘሁት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው።

ስደርስ ቁጥሮቹ ሠላሳ ሰባት ነጥብ ስድስት ይላሉ። ሣጥኑን ስከፍተው ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ። ቺፑ የደነዘዘው ማሞቂያው በርቶ ሳለ ነበር፤ ጥፋ ብሎ የሚያዘው አልነበረም። ወይዘሮ አስካለ አልጮሁም። አንድ እንቁላል አንስተው ሳህን ላይ ሰበሩት። ላባው እንኳ በቅሎ ነበር።

«አልነካሁትም» አሉኝ ቀስ ብለው። «እንዳልሽኝ አልነካሁትም።»

በሥራ ዘመኔ ብዙ ተወቅሻለሁ፤ እንደዚያ ቃል የቆረጠኝ የለም። የሚፈለፈል እንቁላል የሚሰጣቸው እርባታ፣ ወረፋ ስለበዛ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ደግሞ ሊሰጣቸው ፈቀደ። ያ ከጠፋ ተራው ለሌላ ይተላለፋል፣ የማስፈልፈያው ነገርም ያበቃል። ሾላ ገበያ በመደብ ላይ ሽንኩርት ከመቸርቸር ሌላ የሚጠብቃቸው አልነበረም፤ የሚያውቁት ሥራ ግን ጫጩት ነው።

በማግስቱ ለጋሽ ተካልኝ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የለጠፍኩትን ወረቀትም ጭምር። መነጽራቸውን በከረባታቸው ሲወለውሉ ቆዩ።

«እንሂድ» አሉ።

«ፒክአፑን ልጠይቅ?»

«በታክሲ ነው የምንሄደው። ፒክአፑን ሰምተው ተዘጋጅተው ይጠብቁናል። እኔ ያልተዘጋጀ ቤት ነው ማየት የምፈልገው።»

መገናኛ ላይ ታክሲ ቀይረን ጉርድ ሾላ ወረድን። ቀሪውን በእግር ነው፤ እሳቸው ጉልበታቸውን እያሻሹ፣ እኔ ከኋላ። የክረምቱ መውጫ ነበር፤ በየአጥሩ ሥር አደይ አበባ ፈክቷል፣ መንገዱ ገና እርጥብ ነው፣ አየሩ የተፈጨ ጤፍ ይሸታል። ወደ ግቢው ስንቃረብ ጉምጉምታ ተሰማን። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ በመጣሁ ቁጥር በር ላይ እሰማው ነበር፤ ሹፌራችን ሞተር ሲያጠፋ አብሮ ስለሚጠፋ የአሮጌው ፒክአፕ ጩኸት ነው ብዬ ነበር የማልፈው። ዛሬ ፒክአፕ የለም። ጋሽ ተካልኝ ሬዲዮዋን ከኪሳቸው አወጡ። ትንጣጣለች።

በሩን አንኳኳን። ወይዘሮ አስካለ ከፍተው ሲያዩን ክው አሉ።

«ውይ በሞትኩት! ሳትነግሩኝ!» ብለው፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ ወደ ቆርቆሮ አጥሩ ሮጡ። ድንጋይ አንስተው ሦስት ጊዜ መቱት። ከአጥሩ ማዶ ያለው ጉምጉምታ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ሄዶ ቆመ። ሬዲዮዋም አብራ ተረጋጋች፤ ሩቅ ዝናብ ብቻ ቀራት።

ጋሽ ተካልኝ እጃቸውን ጀርባቸው ላይ አጣመሩ። «ምን ማድረግዎ ነው፣ ወይዘሮ አስካለ?»

«ምንም አይደል፣ ለጋሽ ሸምሱ ምልክት ነው። ወፍጮ ቤት ናቸው፣ በሩ በወዲያኛው መንገድ ነው። ዱቄቱ በአጥሩ እየገባ የልጅቷን ዕቃ እንዳያበላሽባት፣ እሷ እስክትሄድ ያቆሙልኛል። ደግ ሰው ናቸው።»

«እሷ በመጣች ቁጥር?»

«እንዴታ! እንግዳ ዱቄት እየለበሰ ይሠራል እንዴ? ፒክአፓችሁ ጥሩንባ ሲነፋ እኔ አጥሩ ጋ ነኝ።»

የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ሰው እንጀራውን አቁሞልኝ፣ አንዲት ሴት ክብሬን ጠብቃልኝ፣ እኔ በዚያ በተገዛልኝ ጸጥታ ውስጥ ተቀምጬ እሷኑ ወንጅያታለሁ። ጋሽ ተካልኝ ወደ እኔ ዞር አሉ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«ሌንሴ፣ ጎረቤቱ ማነው?» አሉኝ ዝግ ባለ ድምፅ።

«ወፍጮ ቤት።»

«በይ ተነሽ። ወይዘሮ አስካለ፣ ይንገሩልኝማ፣ ያስነሱት።»

ባዶውን ሣጥን አበራነው። ወፍጮው ሲነሳ የክፍሉ አምፖል ለአፍታ ፈዘዘ፣ ሬዲዮዋ ተንጣጣች፣ ቁጥሮቹም ባሉበት ደረቁ። አጥፍተን አበራን፤ ደግመን አስነሳነው። አንዳንዴ ያመልጣል፣ አንዳንዴ ይደነዝዛል። አቶ ሸምሱ ለካ ግራ ገብቷቸው፣ ቅንድባቸው ድረስ ዱቄት ለብሰው መጡና በሩ ላይ ቆሙ።

«የኔ ወፍጮ ነው እንቁላሉን የገደለው?» አሉ። ድምፃቸው ተሰብሯል።

«አይደለም» አልኳቸው። «እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ጋሽ ተካልኝ ያስገባሁትን ትልቅ ካፓሲተር እያዩ «ይሄ ግቢ ውስጥ ያለ በርሜል ነው፤ መብራቱ ሲደክም ይጠቅማል። ግን ሌሊት ጉሮሮው የደረቀበት ሰው በርሜል ፍለጋ አይወጣም፤ ራስጌው ጣሳ ያስፈልገዋል» አሉኝ። ምስር የሚያክል ትንሽ ካፓሲተር ከቺፑ እግሮች ሥር፣ እንዲያውም ከተቻለ እግሮቹ ላይ፣ በየድኩ። የማሞቂያው ሪሌይ፣ ማለትም ማሞቂያውን የሚያበራውና የሚያጠፋው ማብሪያ፣ እና ቺፑ ኤሌክትሪካቸውን የሚመልሱበትን ሽቦ እኔ ለሁለቱም አንድ ቀጭን አድርጌው ነበር፤ የአንዱ ድንጋጤ ለሌላው ይደርሰዋል። ለየኋቸውና መነሻው ላይ ብቻ አገናኘኋቸው። የመስመሩ መግቢያ ላይ ማጣሪያ ጨመርን። ከእያንዳንዷ ለውጥ በኋላ አጥሩን እንመታለን፣ ወፍጮው ይነሳል፣ ሬዲዮዋን እናዳምጣለን፣ ቁጥሩን እናያለን። ሰባት ቀን እንዲህ ሠራን። ያን ሳምንት ሳስታውሰው ሁሉም ነገር በዱቄት ጭጋግ ውስጥ ነው፤ ብርሃኑ በቆርቆሮው ቀዳዳ እየገባ፣ የሽማግሌው ጆሮ ሬዲዮዋ ላይ ተደፍቶ።

መጨረሻ ላይ ጠየቁኝ፤ «አሁንስ ቢሳሳት፣ ወዴት ነው የሚሳሳተው?» ገባኝ። ቺፑ ቢሞት እንኳ ሙቀቱ ሲያልፍ በራሱ የሚቆርጥ ተራ የካውያ ቴርሞስታት ማሞቂያው ላይ አሰርኩ። ፊት ለፊቱ ላይ ደግሞ ቺፑን እንደ አዲስ የሚያስነሳ፣ አውራ ጣት የሚያህል ቀይ ቁልፍ። ያን ወረቀቴን ቀድጄ ጣልኩት።

«ቁጥሩ ከቆመብዎ ይጫኑት፣ እኔን አይጠብቁ» አልኳቸው። ወይዘሮ አስካለ ቁልፉን አዩት፣ እጃቸውን ግን አልሰደዱም። እኔም ይቅርታ ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ኩራት ሞኝ ነገር ነው።

አቶ ደመላሽ ፎርም አቀረቡልኝ፤ ጫጩት ሳላይ አልፈርምም አልኳቸው። የመጨረሻው እንቁላል ገባ። ሃያ አንድ ቀን ወፍጮው እንደ ልቡ ሠራ፤ አቶ ሸምሱን እንዳያቆሙ ለምነናቸው ነበር። እኔም በየቀኑ ከሥራ በፊት በጉርድ ሾላ በኩል አልፍ ነበር። በአሥረኛው ቀን እንቁላሎቹን በመብራት ፊት ስናሳልፍ ውስጣቸው ጥላ ተነቃነቀ። ወይዘሮ አስካለ «አየሽው?» ብለው ክንዴን ያዙኝ፤ ከወረቀቱ ወዲህ ሲነኩኝ የመጀመሪያቸው ነበር።

በሃያ አንደኛው ቀን ረፋድ ላይ ጋሽ ተካልኝም መጥተው ሦስታችን ሣጥኑ ፊት ተቀመጥን። ድንገት ወፍጮው ቆመ። ለእኔ ብለው አቆሙ፣ ዛሬም ደብቀውልኝ ሊሆን ነው ብዬ እየሮጥኩ ወጣሁ።

«ማን አቁሙ አላችሁ? አታቁሙ ብዬ አልነበር?» ብዬ በአጥሩ ላይ ጮህኩ።

አቶ ሸምሱ በአጥሩ ክፍተት ብቅ አሉ። «አይ፣ ለአንቺ ብዬ አይደለም» አሉ እፍረት ይዟቸው። «ከነጋ ወፍጮው ሠርቷል፣ የሆነ ነገር የለም፣ አይደል? እኔ… ልስማቸው ብዬ ነው።»

በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ከክፍሉ፣ አንድ ቀጭን ድምፅ ወጣ። ከዚያ ሌላ። በአቶ ሸምሱ ዱቄት የለበሰ ፊት ላይ እንባ መንገድ ሠራ። ትንሽ አዳምጠው ሲያበቁ «ላስነሳው?» አሉኝ። «ያስነሱት» አልኳቸው። ወፍጮው አጉረመረመ፣ አምፖሉ ፈዘዘ፤ እኔም ወደ ውስጥ ገብቼ ቁጥሮቹን አየሁ። ሠላሳ ሰባት ነጥብ ስድስት። ጠበቅሁ። ሠላሳ ሰባት ነጥብ ሰባት።

ጋሽ ተካልኝ ሬዲዮዋን ዘግተው ኪሳቸው ከተቱ። ዛሬ ያቺ ሬዲዮ ራስጌዬ ናት፤ ሲሞቱ ልጃቸው ናት ያመጣችልኝ።

«ወይዘሮ አስካለ» አልኩ፣ «የዚያን ዕለት ነክተውት ነው ያልኩዎት…»

አላስጨረሱኝም። እጃቸውን ሣጥኑ ውስጥ ሰድደው ገና ያልደረቀች ጫጩት አወጡ። መዳፌን ያዙና ገልብጠው፣ እንደ እንግዳ ወደ ኋላ ስሸሽ፣ ውስጡ አስቀመጧት። ልቧ ጣቴ ላይ ትመታለች።

«ንኪያት» አሉኝ። «አታፍሪያት። የአንቺም ናት።»